ቤት ውስጥ የሚላመድ ጫማ

የሞተር ሳይክል ስልጠናውን ያቋረጥኩት በጫማ ምክንያት ነው። ሰው ለምን እንደተውኩት ሲጠይቀኝ ይህንኑ እላለሁ፤ ሰውም ይስቃል። «ጫማ አጥተሽ ነው?» ይሉኛል። አላጣሁም። እንዲያውም ከሰልጣኞቹ ሁሉ ትክክለኛውን ጫማ ያገኘሁት እኔ ነበርኩ። ወደው አይስቁ አሉ።

ሥራዬ ሕፃናትን መከተብ ነው። የክትባቱን ሣጥን በትከሻዬ አንግቤ ከአሶሳ ወጣ ብለው ወዳሉት ቀበሌዎች እሄዳለሁ። በበጋ ባጃጅ እስከሚደርስበት ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር፤ በክረምት ከቤቴ ደጃፍ ጀምሮ በእግር። ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ከእኔ ጋር ይሽቀዳደማል፤ ብዙ ጊዜም እሱ ይቀድመኛል። በረዶው ቀልጦ ስደርስ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኛል። እኔም «በሌላ ቀን ኑ» ብዬ እመልሳቸዋለሁ። ይህን ቃል ማለት ያንገሸግሸኛል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ «ሞተር መጥቷል፤ ስልጠናውን ላለፈ ይሰጣል» ያለ ዕለት እጅ በማውጣት የቀደመኝ አልነበረም።

ስልጠናው ከከተማው ዳር፣ አፈሩ ቀይ በሆነ ሜዳ ላይ ነበር። አሰልጣኛችን የአሶሳ ተወላጅ ነው፤ የቤቱ ቋንቋ በርታ ነው፤ ጢሙ መሸበት ጀምሯል። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም «አንተ» ይለኛል፤ እኔም ወድጄለታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን አላስነካንም። በረድፍ አቁሞ፣ በግ ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ሰው ጎንበስ እያለ የሁላችንንም እግር ተራ በተራ አየ።

«ነጠላ ጫማ የለም» አለ። «ሂል የለም። ሸራም ወላሂ ከባዶ እግር አይሻልም። ሞተር ሲወድቅ የት ይወድቃል? እግር ላይ።» የራሱን ቁርጭምጭሚት መታ መታ አደረገ። «ይሄን የሚሸፍን ይሁን። ሶል ወፍራም ይሁን። ማሰሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አለዚያ ማርሽ ይይዘዋል። ኸላስ፤ በቃ።»

እኔ ያደረግኩት ሸራ ነበር። ከካማሺ የመጣው የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ኮንጎ የምንላትን የፕላስቲክ ጫማ አድርጎ መጥቷል። «የካማሺን ጭቃ የሚችል ጫማ ከዚህች ሌላ የለም፤ ታጥባታለህ፣ ወዲያው ትደርቃለች» ብሎ ተከራከረ። አሰልጣኙ ሞተሩ ላይ አስቀመጠውና ማርሽ ቀይር አለው። ባልደረባዬ ማርሹን በእግሩ ጣት ሽቅብ ሲስብ ኮንጎዋ ሾልካ ወጥታ ሜዳው ላይ ተወረወረች። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም በአንድ ባዶ እግሩ ቆሞ ሳቀ።

የእኔ ጣጣ ግን ሌላ ነበር። አጭር ነኝ። ሞተሩ ላይ ስቀመጥ የጫማዬ ጫፍ እንጂ ተረከዜ መሬት አይደርስም። እየነዱ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ጉዱ የሚመጣው ሲቆሙ ነው። በሁለተኛው ቀን ፍሬን ያዝኩ፤ እግሬ መሬት ፈልጎ አጣ፤ ከነሞተሩ ጋደል አልኩ። የጋለው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ባቴን ጠበሰኝ። አሰልጣኙ ሞተሩን ከላዬ አነሳና የወደቅኩበትን ቦታ አየት አድርጎ፣ «አንተ ልብ አለህ፤ እግር የለህም» አለኝ። «ከስክስ ግዛ። ሶሉ ወፍራም ነው፤ መሬት ትደርሳለህ። ያለ ከስክስ ፈተና አላስገባህም።»

ከስክስ የወታደር ጫማ ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ጫማ ብቻ ይታየው ይሆናል። እኛ ዘንድ እንደዚያ አይደለም። ከስክስ ያደረገ ሰው ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ግን ኮቴው አይናገርም። ባልደረባዬ «እኔስ አላደርገውም፤ መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ሁለቱም ወገን የሌላው ነህ ይሉኛል» ብሎ ከአጎቱ ያረጀ ቆዳ ጫማ ተዋሰ። እኔን ያስጨነቀኝ መንገዱ አልነበረም። ቤቴ ነበር። ቤቴ አባቴ አለ።

አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው። ድባጤ አካባቢ መሬት አቅንቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ እኔን አስተምሮ ለሥራ አብቅቷል። ታጣቂዎች ቤት ለቤት የገቡበት ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ እኔ አሶሳ ነበርኩ፤ እሱና እናቴ እዚያው ቤታቸው ነበሩ። ከሳምንታት በኋላ አባቴ በሰው በሰው ተሻግሮ ደረሰልኝ። ብቻውን ነበር። «እናቴስ?» አልኩት። «ኋላ ትመጣለች» አለኝ። እንደማትመጣ፣ እዚያው ጓሯችን እንደተቀበረች የነገሩኝ በኋላ የመጡ ጎረቤቶች ናቸው። እሱ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ በመካከላችን ገብቶ ተቀመጠ። ሁለታችሁም እቤት ነበራችሁ፤ አንተ እንዴት ወጣህ? ጥለሃት ሮጥክ? አፌን ሞልቼ ጠይቄው አላውቅም፤ ግን ቂም ይዤበት ነበር። ልብሱን አጥብለታለሁ፣ ምግቡን አቀርብለታለሁ፣ መድኃኒቱን እገዛለታለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ መጫወት ግን አልቻልኩም። ሁልጊዜ የማነሳሳው ሥራ አላጣም ነበር።

የአባቴን ሁለት ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል። ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ፊት አይለይም። ሰው የሚያውቀው በኮቴው ነው። እኔን ከግቢው በር ጀምሮ ያውቀኛል፤ ደክሞኝ እንደሆነ፣ ተናድጄ እንደሆነ ሳይቀር ከእርምጃዬ ይናገራል። ድሮ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ ቀልደኛ ነበር። አሶሳ ከመጣ ወዲህ ያ ነገር ጠፍቶበት፣ ስለ ስልጠናው ስነግረው ብቻ ትንሽ ብልጭ አለ። «ሞተር? አንቺየ? ቁመቱንስ ማን ሊያበድርሽ ነው?» አለኝ። ስለ ከስክሱ ግን አልነገርኩትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሱ ደግሞ የሸሸው ከልጥ አልነበረም።

ከስክሱን ሰልባጅ ተራ አገኘሁት። ለእኔ እግር ልክ የሚሆን ከስክስ እንደ ልብ አይገኝም፤ ይኸኛው ግን ለእኔ የተሰፋ ይመስል ነበር። ይህን የሚያህል ትንሽ ጫማ ያደረገው ወታደር ገና ልጅ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ሻጩን የማን ነበር ብዬ አልጠየቅኩትም። ቢሮ ወስጄ ከቁምሳጥን ሥር ሸሸግኩት፤ ጠዋት እዚያ አደርገዋለሁ፣ ማታ እዚያ አወልቀዋለሁ። ሜዳው ላይ ሞተሩን ሳቆም ተረከዜ መሬት ረገጠ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ በረዶውን የምቀድምበት ቀን ታየኝ።

ቆዳው ግን ደረቅ ነበር። ተረከዜን ላጠው፤ ግራ እግሬም የማርሹን መግባትና አለመግባት አይለይልኝም። አሰልጣኙ ስነክስ አየኝና፣ «ቤት ውሰደው» አለ። «ቤት ውስጥ አድርገህ ዙር። ሄልሜቱንም፣ ጃኬቱንም አድርግ። ሁሉንም አንድ ላይ ልመድ። ሰኞ ፈተና ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። አባቴን እጁን ይዤ ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለቅሶ ቤት ከተቀመጠ እስኪመሽ አይነሳም፤ ስለዚህ ጊዜ አለኝ አልኩ። መንገዴን ሱቅ ጎራ ብዬ ሳሙና ገዛሁና ቤቴ ገባሁ። ያላወቅኩት ነገር፣ ሰማዩ መጥቆሩን ያየ ጎረቤት ከእኔ ቀድሞ አባቴን በጓሮ በር አስገብቶታል፤ ጓዳ ገብቶም ጋደም ብሏል።

ሱሪዬን ከስክሱ ውስጥ ከተትኩ። ማሰሪያውን አጠበቅኩ፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ወሸቅኩት። የመሥሪያ ቤቱን ወፍራም ጃኬት ደረብኩ፤ ሄልሜቱን አጠለቅኩ። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መመላለስ ጀመርኩ። ቆዳው እንዲለሰልስ ተረከዜን እየጫንኩ፣ እየረገጥኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና አባቴ ወጣ። ባዶ እግሩን ነበር። ሁለት እጆቹን ከትከሻው በላይ አንስቷል። ወደ እኔ አልመጣም፤ ግድግዳውን በክርኑ እየዳሰሰ ሄዶ እኔ የምተኛበት ክፍል በር ፊት ቆመ። በጀርባው በሩን ሸፈነ። ቅድም ስገባ ኮቴዬን ሰምቶ ክፍሌ ውስጥ ያለሁ መስሎታል።

«ጌቶቼ» አለ። «እኔ ብቻ ነኝ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።»

አንድ እግሬን እንዳነሳሁ ቆምኩ።

«አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ እሷም የለችም። ሥራ ሄዳለች፣ ሩቅ ነው። ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ። ወደ ውጭ እንውጣ፤ እቤት ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እንግዳ የሚሸኝ ሰው ድምፅ ነበር።

«አባየ፣ እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው ምን ሊሆን ነው? ያ ሁሉ ድፍረቱ በአንድ ቃል መቀለጃ ሊሆን፣ እሱም በልጁ ፊት እጁን ያነሳ ሽማግሌ ሆኖ ሊቀር። አልቻልኩም። ሄልሜቱ ውስጥ ድምፄን አጎርንኜ፣ «እሺ፣ እንሄዳለን» አልኩ። ድምፁ ለራሴም አስፈራኝ።

እየረገጥኩ ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ከቤቱ ጀርባ ዝናቡ ውስጥ ተቀምጬ ማሰሪያውን ፈታሁ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ደግነቱ ዝናቡ ድምፄን ዋጠው። ከስክሱንም፣ ጃኬቱንም፣ ሄልሜቱንም ማገዶው ኋላ ወሸቅኩና በጓሮ በር በባዶ እግሬ ገባሁ።

አባቴ ክፍሌ በር ላይ ጀርባውን እንደደገፈ መሬት ተቀምጧል። ኮቴዬን ሲሰማ ቀና አለ።

«በጓሮ ወጥተሽ ነበር?» አለኝ።

«አዎ፣ አባየ።»

«ጎበዝ። እንደሱ ነው።» እጁን ዘረጋ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እርጥብ ፀጉሬን ዳሰሰኝ። «መጥተው ነበር፣ ልጅየ። የለችም አልኳቸው።»

 እጁን ያዝኩት።

«ያኔም እንዲሁ ነበር ያልኳቸው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናትሽ ከጎተራው ኋላ ነበረች። እኔ ብቻ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለም ብያቸው ነበር።»

ራሱን በሩ ላይ አስደገፈ። አሶሳ ከመጣ ወዲህ አይቼው የማላውቅ እፎይታ ፊቱ ላይ ሲመጣ አየሁ።

«የዛሬዎቹ ግን አመኑኝ» አለ።