ካርቡራተሩን የቀየርኩላት መኪና

መኪናዋን የገዛኋት ኩን ራፒድስ ከሚባል ከተማ ነው። ኪት ካር ናት፤ አንድ ሰው በሳጥን የመጣለትን አካል በአሮጌ ቮልስ ሻንሲ ላይ ራሱ ገጣጥሞ የሠራት፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ባለቤቴ መጀመሪያ ስታያት፣ "ይቺ ደግሞ መጫወቻ ናት መኪና?" ብላ ሳቀች። በኋላ ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ወደደቻት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብሷን ሳትቀይር ገብታ ትቀመጥና፣ ቶሎ እንድወጣ ክላክስ ታደርግብኛለች።

ከታመመችም በኋላ አልተወቻትም። ከካንሰር ሕክምናዋ፣ ከኬሞ፣ ስትመለስ ቤቱ ያፍናታል። "ነፋስ ልቀበል፣ ውሰደኝ" ትለኛለች። ሰፈራችንን ሪችፊልድን ውስጥ ለውስጥ ቀስ ብዬ አዞራታለሁ። ችግሩ ሽታው ነበር። የቀድሞው ባለቤት ለፍጥነት ብሎ፣ ቤንዚን ከአየር ጋር ለሞተሩ የሚቀላቅሉ ሁለት ትልልቅ ካርቡራተሮች ገጥሞላታል፤ በዝግታ ስትሄድ ሞተሩ ማቃጠል ከሚችለው በላይ ቤንዚን ይጠጣል፣ ያልተቃጠለው በጭስ ማውጫው ይወጣል። እኔ ለምጄዋለሁ። የእሷን አፍንጫ ግን መድኃኒቱ ስል አድርጎት ነበር። አንድ ቀን ገና ከሰፈር ሳንወጣ "አቁም፣ አቁም!" አለችኝና በሩን ከፍታ አስታወከች። አፏን ጠርጋ፣ መኪናዋን እየደባበሰች "ይቅርታ" አለች። ለእኔ ይሁን ለመኪናዋ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ግቢ ብላትም እምቢ አለች።

ሁለቱን አውጥቼ በአንድ ትንሽ ካርቡራተር ልተካቸው ተነሣሁ። ሰው ሲጠይቀኝ "ቤንዚን ፈጀችብኝ፣ ልቆጥብ ብዬ ነው" እላለሁ። ለሚያግዘኝ ጓደኛዬ፣ አምቦ መካኒክ ለነበረው፣ እንኳ ያንኑ ነው የነገርኩት። የገባው ይመስለኛል፤ በዚያ የበረዶ ብርድ ምን አስቸኮለህ ሳይለኝ ከሥራ መልስ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ያገኘነው ካርቡራተር ልኩ አልሆነም። ሁለተኛው ነዳጅ ያንጠባጥባል፤ ፈታተን አጠብነው፣ ነዳጅ የሚያሳልፈውንም ቀዳዳ ደጋግመን በጠባብ ለወጥን። ባለቤቴ በጋራዡ በር ብቅ ትልና "ዛሬስ?" ትላለች።

"ሊያልቅ ደርሷል" እላታለሁ።

በመጣች ቁጥር ቀጥና ነው የምትመጣው። እኔ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ እየፈታሁ ጥላሸቱን እመረምራለሁ።

በረዶው ሲቀልጥ ካንዴላው ጥቁረቱን ትቶ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ጓደኛዬ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየውና "አሁን በትክክል እያቃጠለች ነው" አለ።

ግንቦት ላይ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፤ ደግፌ አስገባኋትና በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለው መንገድ ወረድን።

"አይሸትም!" አለች።

"እውነትሽን ነው?"

"ምንም አይሸትም!" ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ሳቀች። በዚያ ሁሉ ወራት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወንዙ ዳር ቆምን። ላይላክ የሚሉት ሐምራዊ አበባ ፈክቷል። ሽታውን ስለምትወደው አንድ ዘለላ ቆርጬ ሰጠኋትና ተመልሼ ገባሁ። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆየችና፣ ሳታየኝ "እንዴት ነው የሚሸተው?" አለች።

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ ወደ እሷ ዞርኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሸትሽ?"

"ቆየ። ከፋሲካ በፊት ነው። ሽንኩርቱም፣ ሳሙናውም፣ ሁሉም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያን ያህል ስትለፋ እያየሁ?" አበባውን ጭኗ ላይ አኖረችው። "ይልቅ ንገረኝ፣ እንዴት ነው?"

"እንደ ማር" አልኳት። "ዝናብ የነካው ማር።"

ዓይኗን ጨፍና እንደገና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልወጣንም። ሐምሌ ሳይጋመስ አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ መጣና ጋራዡን ከፈተው። "ለመሆኑ ቤንዚኑን ቆጠበች?" አለኝ።

"በጣም። ማደያ ከሄድኩ ቆየሁ።"

"እሰይ" አለና አንገቱን ደፋ። ወዲያው "ና፣ ትንሽ ዞር እንበል" ብሎ ወደ ባለቤቴ ወንበር ሲያመራ "አንተ ንዳ" አልኩት፤ እኔ እዚያ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወንበር መንገዱ እንዴት እንደሚታይ አላውቅም ነበር። ዝቅ ያለ ነው፤ ሰማዩ ይበዛል። ጓደኛዬ ቀስ ብሎ ነዳ፤ እኔም እስክንመለስ አለቀስኩ።