የዌልሷ ደብር በስካርቦሮ

ይህ ሥዕል አንድ የቆዳ ጃኬትና የአንድ ክረምት ቅዳሜዎቼን አስወጥቶኛል። ጃኬቱ ጥሩ ጃኬት ነበር። ዛሬም ማሞቂያው ሲበራ ከፍሬሙ የድሮ ሰም ሽታ ይነሳና ወደዚያ ገበያ ይመልሰኛል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። በስደት በምኖርባት ስካርቦሮ፣ በአንድ የቅዳሜ ገበያ አዳራሽ ጃኬት እሸጥ ነበር። ፊት ለፊቴ ዌልስ ከሚባል አገር የመጡ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ዕቃ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ዓይኔ ያረፈው አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ፣ እውነቱን ለመናገር ፍሬሙ ላይ ነበር። ሽማግሌው ግን የደብሯን ታሪክ ላልሰማ ሰው አይሸጡም። ገዢው ሁሉ ይሸሻል።

እኔ ለፍሬሙ ስል ሰማሁ። አንዲት መናኝ ምንጭ ዳር መሠረተቻት፤ ቅጥሯ ክብ ነው፤ ዛፎቿን የሚደፍር የለም። ጥንት የአገሩ ንጉሥ ሃይማኖት ሲለውጥ የግድግዳ ሥዕሎቿን በኖራ ለቀለቋቸው። ኋላ ወጣቱ ወደ ከሰል ጉድጓድ ወረደ፤ ዝማሬው ሳሳ።

«አሁን ሊዘጓት ነው» አሉኝ። «እኔም ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ልገባ ነው። ልጆቼ ሥዕሏን አይፈልጓትም። የሚያውቃት ሰው ቤት ትሰቀል።»

ጎረቤቴ፣ ቅመም የምትሸጠው እትዬ፣ በየሳምንቱ ትተርበኝ ነበር፤ «ዛሬም ሳትሸጥ ስታስቀድስ ዋልክ?»

አንድ ቀን ሽማግሌውን «ንግሧ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጠበል ያላት ደብር ንግሥ አይኖራትም ብዬ እንዴት ልገምት? የቅድስቲቱ በዓል፣ ሕዝብ የሚወጣበት ቀን ማለቴ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

«አያቴ ያከብሩት ነበር፤ በረዶው ቀልጦ ሊያልቅ ሲል» አሉ። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

ቀኑ ሲደርስ እትዬ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። «ባናውቃትም እሷ ታውቀናለች» ብላ ጃኬቶቼን ገፋ አድርጋ ቆረሰች። ሽማግሌው ዳቦውን እንደያዙ በአገራቸው ቋንቋ ዝቅ አድርገው አዜሙ። ከዚያ ሥዕሉን ከሚስማሩ አወረዱት።

«ስንት ልበል?» አልኩ።

ምርጡን ጃኬቴን በጣታቸው አሳዩኝ። «ነርሲንግ ሆሙ ይበርዳል ይላሉ።»

ዚፑን ሁለቴ ሞከሩት። እኔ ብሆንም እሞክረው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታቸው ላይ የስልክ ካርድ ሻጭ ተቀምጦ ነበር።

ፍሬሙን የሚጠይቀኝ ሰው አሁንም አይጠፋም። መጀመሪያ ታሪኳን እነግረዋለሁ። ይሸሻል።

ሒሳቡ ይኸው፦ ጃኬቱ ወጥቷል፤ ሥዕሉ አልተሸጠም።