ጫማ ጠባቂው ጋሽ ዩኑስ

ጋሽ ዩኑስ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ በአንድ አጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ነው። ፒያሳ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ከስልጤ ገጠር ወደ ሐዋሳ የመጣው ገና ጢም ሳያበቅል ነበር፤ አሁን ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ሰው ይወዳል። ቤቱ እንግዳ ጠፍቶበት አያውቅም። ዛሬ የአጎቱ ልጅ ይመጣል፣ ነገ የሚስቱ ዘመዶች፣ ከነገ ወዲያ ከአዲስ አበባ ጨርቅ የሚልክለት ነጋዴ ከነቤተሰቡ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሱቁን ለወንድሙ ይተውና ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ሐይቁ፣ ወደ አሞራ ገደል ይወስዳቸዋል።

አሞራ ገደልን እንደ እሱ የሚያስጎበኝ ሰው አላየሁም። የሚሄደው በጠዋት ነው፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ። መጀመሪያ እንግዶቹን ዓሣ የሚበልቱት ወጣቶች ዘንድ ያቆማቸዋል። ለልጆቹ የዓሣ ጭንቅላት ይገዛላቸዋል፤ እነሱም አባ ኮዳ ለሚባሉት፣ ራሰ በራ ሆነው እንደ ሽማግሌ በዝምታ ለቆሙት ትልልቅ ወፎች እየወረወሩ ይስቃሉ። ቀጥሎ ዛፍ ሥር ቁጭ ተብሎ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በሚያቃጥል ዳጣ ይበላል። "ዳጣው ሞኝ ያደርጋል፣ ቀስ በሉ" ይላል ሁልጊዜ፤ ማንም አይሰማውም፣ ሁሉም ያለቅሳል። ከዚያ ቀና ብላችሁ እዩ ይልና ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠውን ጉሬዛ ያሳያል። አመሻሹ ላይ ጉልበት ያለው ታቦር ተራራ ይወጣል፣ የደከመው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ይንሸራሸራል። ጋሽ ዩኑስ በሁሉም ቦታ ከፊት ነው።

ጀልባ ላይ ግን አይወጣም።

ጀልባዎቹ ጭቃው ስለሚይዛቸው እስከ ደረቁ መሬት አይጠጉም። ተሳፋሪው ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ጥቂት መራመድ አለበት። ጋሽ ዩኑስ የሁሉንም ጫማ ይሰበስብና ዋርካው ሥር ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

"ሂዱ፣ ሂዱ። እኔ ጫማ እጠብቃለሁ። እዚህ አገር ጦጣው ሌባ ነው።"

ጫማዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይደረድራቸዋል። የልጆቹን ካልሲ ጫማቸው ውስጥ ይወትፋል፣ የሴቶቹን ቦርሳ እግሩ መሃል ያደርጋል። ባለጀልባው ደረሰ የሚባል ሲዳማ ነው፣ ከጋሽ ዩኑስ ጋር ዘመን ቆጥረዋል። ከውሃው ላይ ሆኖ ይጣራል።

"የጫማ ሚኒስትር፣ ዛሬም ቢሮ ገባህ?"

"ሥራህን ሥራ አንተ።"

"ኧረ አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ ውሰድ። ሐይቁ አይነክስም።"

"ጦጣው ይነክሳላ።"

ውሃ እንደሚፈራ የማያውቅ የለም። እንግዶቹም ያውቃሉ፤ ግን ያጎረሰንን ሰው እናሳፍር ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ሰዎች ከጀልባ ሲመለሱ ጫማቸውን እያጠለቁ ያዩትን የሚነግሩት መጀመሪያ ለእሱ ነው። ጆሮው የተቀደደው ጉማሬ እንዴት ብቅ እንዳለ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ውሃውን እንዴት እንደሚያስነሳው፣ በሸምበቆው ውስጥ ስለሚጎነጎነው የወፍ ጎጆ። እሱም እየሰማ፣ እየጠየቀ፣ ሁሉንም ይይዛል።

ዓረፋ ሲደርስ የስልጤ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል። ጋሽ ዩኑስም ይገባል። እዚያም ከእናቱ ከእማ ዙበይዳ አጠገብ ተቀምጦ የሐይቁን ወሬ ያወራል፤ ሲያወራ ግን በጀልባው ላይ ያለው እሱ ራሱ ነው። ጉማሬውን ያየው እሱ፣ ማዕበሉን ያለፈው እሱ። ልጁ ናዲያ እንደነገረችኝ፣ እማ ዙበይዳ ይህን ወሬ ሲሰሙ የያዙትን ሥራ ሁሉ ያስቀምጡ ነበር።

ከሚሌኒየሙ በኋላ በነበረው ዓመት፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ እማ ዙበይዳ ልጃቸው ቤት ሊሰነብቱ ሐዋሳ መጡ። ከአገራቸው ወጥተው አያውቁም። ጋሽ ዩኑስ ከፒያሳ አዲስ የቆዳ ጫማ ገዛላቸው። ጫማውን እያገላበጡ አዩና አመሰገኑ፤ ከዚያ በስልጢኛ እንዲህ አሉት፦

"እንግዲህ ያን ጉማሬህን አሳየኝ።"

በማግስቱ ነፋስ አለ አላቸው። በሳልስቱ ጉማሬዎቹ ወልደዋል፣ በዚህ ጊዜ ክፉ ናቸው አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ባለጀልባው ደረሰ በወባ ተኝቷል ብሎ አረፈው። እማ ዙበይዳ ለደረሰ ዱዓ አደረጉለት። ቅዳሜ ዕለት ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አንድ ደንዳና ሰው ለሱሪ የሚሆን ጨርቅ ሊገዛ ገባ። ናዲያ ሳታስበው "ደረሰ፣ እንዴት ነህ?" ብላ ሰላም አለችው። እማ ዙበይዳ ስሙን ከዓረፋው ወሬ ያውቁታል። ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ነገ እንሄዳለን።"

የዚያን ዕለት ማታ ጋሽ ዩኑስ እራቱን ሳይነካ ተነሳ። ናዲያ ጓሮ ድረስ ተከትላው ወጣች።

"አባ፣ እውነቱን ንገራትና ይውጣልህ።"

"ምን ብዬ?"

"ጀልባ አልወጣም በላት።"

"እኔ ስነግራት ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አላየሽም እንዴ? ሌላ ምን ሰጥቻት አውቃለሁ? አሁን ዳር ቁጭ ብዬ የሰው ጫማ የምጠብቅ ሰው ነኝ ልበላት?"



በማግስቱ ሁሉንም እንደ ሥርዓቱ አስጎበኛቸው። እማ ዙበይዳ አባ ኮዳዎቹን ባዩ ጊዜ "እነዚህ ሽማግሌዎች ሥራ የላቸውም?" አሉ። ዳጣውን በሉ፣ እንባ ግን ጠብ አላላቸውም። ጋሽ ዩኑስ ከጉሬዛው ሥር እጅግ ረጅም ጊዜ ቆመ። የዛፉን ዓይነት፣ የጅራቱን ርዝመት፣ የሚበላውን ቅጠል ሁሉ አስረዳ። በመጨረሻ የሚያስረዳው ነገር አለቀ።

ደረሰ ጀልባውን አስጠጋ። እማ ዙበይዳ አዲሱን ጫማቸውን አውልቀው፣ ናዲያ ደግፋቸው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። ጋሽ ዩኑስ ልማዱ ነውና ጫማቸውን አንስቶ ወደ ድንጋዩ ሄዶ ነበር።

"ና እንጂ" አሉት ከጀልባው ላይ።

"እኔ ጫማውን..."

"ዓረፋ ዓረፋ ስትነግረኝ ጫማ የሚጠብቅ ሰው ነበረበት?"

ናዲያ ዓይኗን ወደ ጭቃው ጣለች። ደረሰ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ዩኑስ የራሱን ጫማ አወለቀ። ከእናቱ ጫማ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠው፣ ካልሲውን ወተፈ፣ እንደገና አስተካከለው። ከዚያ "ቢስሚላህ" ብሎ ገባ።

ጀልባው መሃል ላይ ተቀምጦ ግራና ቀኝ ያለውን እንጨት ጨመቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ደረሰ ቀስ ብሎ ቀዘፈ። ውሃው የጀልባውን ሆድ መታ መታ ያደርጋል። ጥቂት እንደሄዱ እማ ዙበይዳ ጠየቁ።

"ጆሮው የተቀደደው የታለ?"

ጋሽ ዩኑስ ዓይኑን ሳይገልጥ በአገጩ አመለከተ። ያመለከተው ወደ ከተማው ነበር። ደረሰ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ናዲያ በዓይኗ ያዘችው።

እማ ዙበይዳ ተጠግተው የልጃቸው ጉልበት ላይ እጃቸውን አሳረፉ። በስልጢኛ ነው ያወሩት፤ ደረሰ አልሰማም፣ ናዲያ ሰምታለች።

"አትጨነቅ። ጀልባ ላይ ወጥተህ እንደማታውቅ አውቃለሁ።"

ያን ጊዜ ዓይኑን ገለጠ።

"ሕፃን ሆነህ ከገበያ ስንመለስ፣ የሞላ ወንዝ ከጀርባዬ ላይ ወስዶህ ነበር። እግርህን ይዤ ጎትቼ አወጣሁህ። አንተ አታስታውሰውም። ከዚያ ወዲያ ወደ ወንዙ እንዳትወርድብኝ ስል፣ ውሃ ሰው ይበላል እያልኩ አሳደግሁህ። ፍርሃቱን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ሳልወስድልህ መሞት አልፈለግሁም።"

ጋሽ ዩኑስ ወደ እናቱ ዞረ።

"ታዲያ ያን ሁሉ ስዋሽ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ደስ ይላላ። ደግሞ አወራር ታውቅበታለህ።"

እጁ ከእንጨቱ ላይ ቀስ በቀስ ላላ። ቀና ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። ይህን ሁሉ ዘመን የኖረባትን ከተማ ከውሃ ላይ አይቷት አያውቅም። ታቦር ከዚህ ሲታይ ዝቅ ያለ ነው፣ የዳሩ ዛፎች ደግሞ ረጃጅም። በዓይኑ ዋርካውን ፈለገ፣ ከሥሩም ድንጋዩን።

"ያቺ ናት የኔ ድንጋይ? ምን ታክላለች" አለ።

ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ድንጋዩ ላይ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። ግራጫ ነው፣ ጅራት አለው።

ጋሽ ዩኑስ ጀልባው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጀልባው ወዲያና ወዲህ ተናጠ፤ ናዲያ አያቷን አቀፈች፣ ደረሰ "ቁጭ በል ሰውዬ፣ ትገለብጠናለህ" አለ። እሱ ግን ውሃ ላይ መሆኑን ጭራሽ ረስቶታል። እጁን ወደ ዳር ዘርግቶ "ደረሰ መልስ፣ ጫማውን፣ ጫማውን ወሰደው" ይላል።

ሲደርሱ የእሱ ጫማ ከነካልሲው እንዳለ ነበር። ከእማ ዙበይዳ ጫማ ግን አንድ እግሩ የለም። ጦጣው ዋርካው ላይ ወጥቶ፣ የአዲሱን ጫማ ማሰሪያ በጥርሱ ይሞክረዋል።

"ሚኒስትሩ አንድ ቀን ከቢሮ ቢወጣ አገር ተዘረፈ" አለ ደረሰ።

"ስንት ዓመት ሌባ ነው ብዬ ስናገር ማን ሰማኝ?" አለ ጋሽ ዩኑስ። ተናዷል፤ ግን ድምፁ ውስጥ የኩራት ነገርም ነበረ፣ ትላለች ናዲያ። ዳቦ ወረወሩለት፤ ጦጣው ዳቦውን በላ፣ ጫማውን አልለቀቀም። ሙዝም ተገዛለት። ሙዙን በጫማው ውስጥ ይዞት ወደ ላይ ወጣ። እማ ዙበይዳ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ዳጣው ያላስወጣቸውን እንባ በሳቅ አወጡት።

"በባዶ እግሬ እሄዳለሁ፤ ጫማ ሳላውቅ አይደል ያደግሁት" አሉ።

ጋሽ ዩኑስ ጀርባውን ሰጥቶ ፊታቸው በርከክ አለ።

"ጀርባዬ ላይ ውጪ።"

"ሰው ያየናል።"

"ይየና።"

ባጃጆቹ እስከሚቆሙበት ድረስ አዝሏቸው ሄደ። ደረሰ የቀረችውን አንድ ጫማ በጣቱ አንጠልጥሎ ከኋላ ተከተለ።

በቀጣዩ ዓረፋ ጋሽ ዩኑስ አገሩ ገባ። ቤቱ በዘመድ ተሞላ። የሐይቁን ወሬ የያዙት ግን ዘንድሮ እማ ዙበይዳ ነበሩ። ነፋሱ እንዴት እንደተነሳ፣ ውሃው እንዴት እንደሸበተ፣ ጉማሬው አፉን ከፍቶ ሲመጣ ልጃቸው ጀልባው ላይ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደቆመ አወሩ። መቆሙ እንኳ እውነት ነው። ናዲያ አባቷን ሰረቅ አድርጋ አየችው። አቀርቅሮ ይሰማል።

ከሴቶቹ አንዷ ጥግ ላይ ያለችውን አንድ እግር ጫማ አይታ ኖሮ "ጓደኛዋስ የት ሄደች?" ብላ ጠየቀች።

"ጉማሬው ወሰዳታ" አሉ እማ ዙበይዳ።

ቤቱ ሁሉ ወደ ጋሽ ዩኑስ ዞረ።

"አዎ" አለ። "ጆሮው የተቀደደው።"