የጋሼ ዓብዱልሰላም ጉርሻ

ጊንጪ ከተማ ጨውና ሳሙና የሚገዛ ሰው ሁሉ ከሪማን ያውቃታል። ሱቋ ከመኪናው መንገድ ዳር ያለችው፣ በሯ ጠባብ የሆነችው ናት። ከሪማ ከስልጤ አገር በሙሽርነት መጥታ እዚያች ሱቅ ገባች፤ ኦሮምኛውን ከደንበኞቿ አፍ ለመደች፤ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ባሏን ደሊልንም እዚያው ቀበረች። ሰው ሲያመሰግናት አፏን በሻርፗ ጫፍ ትሸፍናለች። ነገር ለሚፈልጋት ግን መልስ አጥታ አታውቅም።

ዘመኑ ለነጋዴ የማይመች ነበር። ስኳሩ በቀበሌ፣ ጋዙ በሰልፍ ነው፤ ትንሽ ዕቃ ያከማቸ ሁሉ አሻጥረኛ ይባላል። ከሪማ ይህን ሁሉ ችላ አለፈችው። ስብሰባ ሲጠሯት ሄዳ ከኋላ ትቀመጣለች፤ አጨብጭቡ ሲሉ ታጨበጭባለች፤ ሱቋን ከፍታ ልጆቿን ታበላለች። በዚህ ምድር ላይ የምትፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዓብዱልሰላም።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ክፉ ቢሆኑማ ይቀላት ነበር፤ ክፉን ሰው እምቢ ማለት ይቻላል። ጋሼ መርካቶ የሚነግዱ፣ በየዒዱ ለልጆቹ ልብስ የሚልኩ፣ ወንድማቸው የሞተ ጊዜ እንደ ሕፃን ያለቀሱ ሰው ናቸው። ታዲያ ያኔ በሐዘኑ ቤት፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ «የወንድሜ ልጆች ልጆቼ ናቸው፤ ጊዜው ሲደርስ ወስጄ አሳድጋቸዋለሁ» ብለው ነበር። ሰው ሁሉ አሚን አለ። ከሪማም አሚን አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰላም አጣች። ጊዜው መቼ እንደሚደርስ ስለማታውቅ ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣ መኪና በቆመ ቁጥር ልቧ ይመታል።

ጋሼ ዓብዱልሰላም አንድ ሰሞን ወገባቸውን አሟቸው አምቦ ፍልውሃ ወረዱ። ከዚያ በሾፌር መልእክት ላኩባት። «እሑድ ልጆቹን ይዘሽልኝ ነይ። ምሳ ሆቴል አብረን እንብላ። ጠባያቸውን ልየው፤ ከዚያ የሚሆነውን እንነጋገራለን።»

የሚሆነው ምን እንደሆነ ለከሪማ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቅዳሜን ልብስ ስታጥብና ስትመክር ዋለች። ከድሮ የሚባለው የመጀመሪያ ልጇ እጁ ዕረፍት የማያውቅ፣ ያገኘውን ሁሉ ፈትቶ ማየት የሚወድ ነው። የመጨረሻው ሽፋ ደግሞ ዓይኑ ምግብ ላይ ካረፈ አይነቀልም። መካከለኛዋ ሹኩሪያ ብቻ ናት ያላስቸገረቻት፤ ተቀመጪ ካሏት የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ።

«አትሩጡ። አትጩኹ። ብሉ ሳትባሉ እጃችሁን እንዳትሰዱ» አለቻቸው። «ጋሼ ሲያጎርሷችሁ ደግሞ እምቢ እንዳትሉ። ጉርሻ እምቢ ማለት ሰውየውን እምቢ ማለት ነው። እንደ ሹኩሪያ ሁኑ!»

እሑድ ጠዋት ግን አንድ ስህተት ሠራች። እናት ልጅ ይዛ ሰው ዘንድ ስትሄድ አስቀድማ ታበላዋለች፤ የሰው አፍ እንዳያይባት። ከሪማም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ነገር ግን አብዝታ አሰበች። ጠግበው ሄደው የጋሼን ምሳ ቢነካኩትና ቢተዉትስ? «ንቀት አስተምራ አሳደገቻቸው» አይሏትም? ደጋግማ አወጣች አወረደችና፣ ሻይ ብቻ አጠጥታ አውቶቡስ ላይ አወጣቻቸው። ብዙ ማሰብም አንዳንዴ እንዲህ ጉድ ይሠራል።

ጋሼ ዓብዱልሰላም ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው የእስላም ምግብ ቤት በር ላይ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ጠበቋቸው። ልጆቹ በተራ ጉልበታቸውን ሳሙ። ከሪማ ትንፋሿ ትንሽ ተመለሰ። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ረጋሳ የሚባለው ረጅም አስተናጋጅ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። ጋሼ ሩዝ በሥጋ፣ ጥብስ ከነእንጀራው፣ ለልጆቹ ለስላሳ፣ ለራሳቸው አምቦ ውሃ አዘዙ። ረጋሳ ውሃውንና ለስላሳውን አመጣ፤ ማስታጠቢያ አምጥቶም ሁሉንም አስታጠባቸው።

«እጃችሁ ታጥቧል፤ ምንም እንዳትነኩበት» አለች ከሪማ። ሦስቱም እጃቸውን አየር ላይ አንጠልጥለው ምግቡን መጠበቅ ጀመሩ።

በዚህ መሃል የነቀምት አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ ደረሰ።

በአምቦ ምግብ ቤቶች አንድ ደንብ አለ፤ የመኪና ሰው ይቀድማል። ሾፌሩ ይቸኩላል፤ መንገደኛው አንዴ ካለፈ አይመለስም፤ የተቀመጠ እንግዳ ግን የትም አይሄድም። አቧራ የለበሰው መንገደኛ ግር ብሎ ገባና ቤቱን ሞላው። የነጋሼ ሩዝ ከወጥ ቤት ወጥቶ፣ በአጠገባቸው አልፎ፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም በዓይናቸው ሸኙት።

«አንተ! የእኛስ?» አሉ ጋሼ።

«ዱፌ፣ ኦቦ! መጣሁ!» አለ ረጋሳ ሳይዞር።

መጣሁ ይላል፣ አይመጣም። ደግመው ጠሩት፤ «ዱፌ!» ብሎ በሌላ በኩል አለፈ። ዳቦ ቢጠይቁት አልቋል አለ፤ ወዲያው ለመንገደኞቹ ዳቦ ይዞ ሄደ። ጋሼ ወገባቸውን ይዘው ተቁነጠነጡ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። ከሪማ የእሳቸውን ፊት ታያለች፣ የልጆቹን እጅ ታያለች፣ የወጥ ቤቱን በር ታያለች። የጥብሱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። የሽፋ ሆድ ሲጮኽ ለእሷ ጭምር ተሰማት።

እሷ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞራ ስትመለስ ሽፋ ወንበሩ ላይ የለም።

ዓይኗ ፈልጎ አገኘው። የማያውቃቸው መንገደኞች ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ፣ አንድ ሽማግሌ ሲያኝኩ አብሮ አፉን ያንቀሳቅሳል። ሽማግሌው አዘኑለትና ጠቅለል አድርገው አጎረሱት። ሽፋ ዋጠ፤ አፉንም ለሁለተኛው ከፈተ።

«ሽፋ!» አለች ከሪማ፣ ድምጿ ተሰባብሮ።

ጋሼ ዓብዱልሰላም አይተዋል። «ይሄ ልጅ ርቦት የኖረ ይመስላል» አሉ ቀስ ብለው።

ከሪማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጠዋት ቤት የተወችው ዳቦ ትዝ አላት። «አይደለም ጋሼ፣ ጠዋት እኮ...» ብላ ጀምራ ተወችው። ምን ትበል? ለእርስዎ ብዬ አስርቤ አመጣኋቸው ትበል?

ሽፋን ጎትታ ስታስቀምጥ የከድሮ ነገር ተረሳት። ከድሮ የአጎቱን አምቦ ውሃ ጠርሙስ አንሥቶ፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ለማየት ሲንጠው ቆይቷል። ቆርኪውን በጥርሱ ፈለቀቀው። ውሃው ተስፈንጥሮ ከጎናቸው ብቻውን የሚበላ ሰውዬ ፊት ላይ አረፈ።

ሰውየው ካኪ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ ባጅ የሰካ ነው። መንገደኞቹ ማኘክ አቆሙ። ሰውየው መሐረቡን አወጣ። ግንባሩን ጠረገ፣ ባጁን ጠረገ፣ ቀና አለ።

«የማን ልጆች ናቸው?» አለ።

ከሪማ ጋሼን አየች። ጋሼ ዓብዱልሰላም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የካዕባ ሥዕል እንደ አዲስ ያዩት ጀመር።

«የእኔ ናቸው፣ ጓድ» ብላ ተነሣች። «የእኔ ናቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅ ነው፣ ሳያውቅ ነው።»

«ታዲያ ሥነ ሥርዓት አታስተምሪያቸውም?»

«አስተምራለሁ፣ ጓድ።»

ሰውየው ልጆቹን አንድ በአንድ ገረመማቸው፤ ከዚያ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ከሪማ ተቀመጠች። አልቋል አለች በሆዷ። ሦስቱንም ይወስዷቸዋል። አስርባ፣ ስድ ለቃ ያሳደገች እናት ተብዬ ይወስዷቸዋል፤ አንድም ሽማግሌ ለእኔ አይናገርም። ከሁሉም ያጽናናት የሹኩሪያ ነገር ነበር፤ ልጅቷ የታጠበ እጇን እንዳንጠለጠለች፣ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ተቀምጣለች። ቢያንስ ይቺን ያዩልኛል አለች።

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፍቶ መንገደኞቹ ሲወጡ ረጋሳ ትሪውን ይዞ መጣ። ሩዙ ቀዝቅዟል፤ ጥብሱ አልቆ በምትኩ ቅቅል መጥቷል። «ጥብስ ነበር ያልኩህ» አሉ ጋሼ። «ቅቅሉ ይሻላል፣ ኦቦ፤ ለወገብ ጥሩ ነው» ብሎ እንደገና አስታጠባቸውና ሄደ። ጋሼ ለመቆጣት እንኳ ጉልበት አጡ።

ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ጥቂት እንደበሉ ጋሼ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ስሚኝ ከሪማ። ሦስቱንም ልወስድ ነበር አሳቤ። አሁን ግን አየሁ። ወንዶቹን አልችላቸውም። እኔም ታምሜያለሁ፣ ባለቤቴም ደክማለች። እነሱ ከአንቺው ጋር ይደጉ፤ በምችለው እረዳሻለሁ።»

ከሪማ የሰማችውን ለማመን ፈራች። አልሐምዱሊላህ ልትል አፏን ስትከፍት ጋሼ ቀጠሉ።

«ይቺን ግን እወስዳታለሁ። ከገባን ጀምሮ እያየኋት ነው፤ አንዲት ነገር አላጠፋችም። እንዲህ ያለች ልጅ ጨው ስትሰፍር መቅረት የለባትም። ከልጆቼ እኩል አስተምራታለሁ። ዛሬውኑ አብራኝ ትሂድ፤ ልብሷን በሰው ትልኪልኛለሽ።»

«ዛሬ?» አለች ከሪማ። ትናንት ቀኑን ሙሉ እንደ ሹኩሪያ ሁኑ ስትል የዋለችው እሷ ናት። ከድሮ ጠርሙሱን ሲንጥ፣ ሽፋ የሰው አፍ ሲያይ አንጀቷ ያረረው ለካ በከንቱ ነው። ያጠፉት ቀሩላት፤ ደህናዋ ልትሄድ ነው። እምቢ እንዳትል ጋሼ ደግ ነገር ነው የተናገሩት፤ ማን ይፈርድላታል?

ጋሼ ዓብዱልሰላም ከቅቅሉ ምርጡን ሥጋ ለይተው፣ እንጀራ ደርበው፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። «ነይ የኔ ልጅ፣ ቢስሚላህ በይ» ብለው ወደ ሹኩሪያ አፍ አስጠጉ።

ሹኩሪያ ወንድሞቿን አየች። አንገትጌው የራሰውን ከድሮን፣ ከንፈሩ በቅባት የወዛውን ሽፋን። እናቷን አየች። ከዚያ አፏን ከፍታ ጉርሻውን ተቀበለች። ከሪማ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጠው ጉርሻው ትሪው መሃል ወድቋል። ልጅቷ አንዴም ሳታኝክ በሁሉም ምግብ ላይ ተፍታዋለች።

«አልበላም!» አለች ሹኩሪያ። ጮኻ ነው፣ ድምጿ ወጥ ቤት ድረስ የሚሰማ። ያን ያህል ድምፅ እንዳላት እናቷም አታውቅም ነበር።

የከሪማ እጅ ለጥፊ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ ቢጠሩት የማይመጣው ረጋሳ ወዲያው ከጎናቸው ተገኘ። «ምን ጎደለ ኦቦ? ምን ላምጣ?» አለ ፎጣውን ከትከሻው እያወረደ።

«ምንም አታምጣ» አሉት ጋሼ። ከዚያም ለከሪማ፣ «እጅሽን መልሺ» አሏት።

ጣታቸውን በፎጣው ጠረጉ። ልጅቷን ቆይተው ተመለከቷት፤ ልጅቷም መልሳ አየቻቸው። ጋሼ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ተሳስቶ ያደረገውንና አውቆ ያደረገውን ይለያሉ።

«ቅድም ሰውየው የማን ልጆች ናቸው ሲል እኔ ግድግዳ ነው ያየሁት» አሉ። «አንቺ ነሽ የተነሣሽው።» ዓይናቸው ረጥቦ ነበር፤ በጀለቢያቸው እጅጌ አበሱት። «ሦስቱንም ይዘሽ ግቢ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪና ያዢ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ሽፋና ከድሮ በመስኮቱ ተጣሉ፤ ከሪማ ዝም አለቻቸው። ሹኩሪያን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። አምቦን ከወጡ በኋላ ጎንበስ ብላ፣ «ምነው ሹኩሪያ? ጉርሻ ይተፋል?» አለቻት።

«ያጠፉት ናቸው የቀሩልሽ» አለች ልጅቷ።

ከሪማ ልትቆጣ ፈለገች፣ አልሆነላትም። አበጀሽ ልትልም አትችልም። ሻርፗን አውልቃ የልጅቷን እግር ሸፈነችበት፣ ብርድ ግን አልነበረም።

ቤት ሲደርሱ ሦስቱም እንደተራቡ ነበሩ። ከሪማ የጠዋቱን ዳቦ አወጣች፣ የትናንቱን ምስር አሞቀች፣ እጃቸውን አስታጠበቻቸው። ወንዶቹ ተሻሙ። እሷ ከዳቦው ቆርሳ፣ ምስሩን ጠቅሳ፣ ወደ ሹኩሪያ አፍ ዘረጋች።

ሹኩሪያ አፏን ከፈተች፤ አኘከች፤ ዋጠችው።