ከቀርከሃ ነፊዎቹ መሃል የደበቅነው ልጅ

ጂንካ ውስጥ ያልሞከርኩት ሥራ ቢኖር ጥርስ መንቀል ብቻ ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ በሙዚቃ መምህርነት ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ ራዲዮ እጠግናለሁ፣ ቅዳሜ ለባለ ሱቆች ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ እሁድ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ፊሽካ ይዤ ኳስ እዳኛለሁ። በተረፈችኝ ጊዜ ደግሞ ከሚስቴ ወንድም ጋር ከከተማው በላይ ንብ አረባለሁ። ርዕሰ መምህሩ ባየኝ ቁጥር «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይለኛል። ሰው ሲመክረኝ ደሜ ይፈላል። «እርስዎ አንዱንም አልወጡ» እለውና መንገዴን እቀጥላለሁ።

የሚስቴ ወንድም እኛው ቤት ነው ያደገው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ ገና ልጃገረድ ሳለች ከገዘር ከተማ በላይ ካለው መንደራቸው በጀርባዋ አዝላው ወረደች፤ እኔን ስታገባም ይዛው መጣች። እኛ ልጅ አልወለድንም፣ ልጃችን እሱው ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ንቦቹ እንኳ አይነድፉትም። ፈጣሪ አንድ ነገር ብቻ ነፍጎታል፤ ምት። አጨብጭብ ሲሉት አገር ምድሩ አጨብጭቦ ከጨረሰ በኋላ ያጨበጭባል። የሙዚቃ መምህር ቤት አድጎ እንዲህ መሆኑ ያስቀን ነበር።

ሳቁ ያበቃው የብሔራዊ ውትድርናው ዙር ሲመጣ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ልጁ ዕድሜው ስለደረሰ በዚህኛው ዙር እንደሚሄድ ነገረን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረን፣ የሰጠነውንም ውሃ ሳይጠጣ ወጣ። በፊተኞቹ ዙሮች ከሰፈራችን ከሄዱት ልጆች አንድም የተመለሰ አላየንም። ሚስቴ ምሳ አቀረበችና ማናችንም ሳንቀምሰው መልሳ አነሳችው። «እሱን ከወሰዱት እኔ አበቃልኝ» አለችኝ። እንደማትቀልድ አውቃለሁ።

የቀረን መንገድ አንድ ነው። ኪነት ቡድን ውስጥ ያለ ሰው አይነካም ይባል ነበር፣ የኪነት አሠልጣኙ ደግሞ እኔው ነኝ። ግን ልጁን ምን አድርጌ ላስገባው? አይዘፍን፣ አይጨፍር፣ ከበሮ አይመታ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ የነሚስቴ መንደር የአሪ ቀርከሃ ነፊዎች ትዝ አሉኝ። የእነሱ አሠራር ለብቻው ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቀርከሃ ይይዛል፣ ቀርከሃዋም ያላት አንዲት ድምፅ ብቻ ናት። ተራህ ሲደርስ ያቺን ትነፋለህ፣ ከዚያ ዝም ትላለህ፤ ዜማው የሚገኘው ድምፁ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ነው። አንዲት ድምፅ ማንም ይማራታል አልኩ። ነፊዎቹን ለምኜ ወደ ኪነቱ አመጣኋቸው፤ ልጁንም ከመሪያቸው ጎን አቆምኩት። መሪያቸው አማርኛ እምብዛም የማይሰሙ፣ ደግ ሽማግሌ ነበሩ።

ማስተማሩ አስለቀሰኝ። ትከሻውን እየነካሁ፣ እግሩን በእግሬ እየረገጥኩ ምቱን ላስገባበት ሞከርኩ፤ ተራው ሲደርስ ወይ ይቀድማል ወይ ያልፈዋል። አንድ ቀን ቀርከሃውን ነጥቄ መሬት ላይ ወረወርኩት። «ጋሼ፣ ስቆጥር እኮ ምቱ አለ፤ ስነፋ ነው የሚጠፋብኝ» አለኝ፣ አጎንብሶ እያነሳ። እየዋለ እያደረ ግን ዜማው ሞላ፤ ባዳምጥ ባዳምጥ ቀዳዳ አጣሁበት። ቤት ሮጬ «ገባው» አልኳት። ሚስቴ እጄን ይዛ ሳመችኝ። ከዚያ በኋላ ምግብ መብላት ጀመረች።

ኪነቱን ሊያጣራ ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ሞኝ አልነበረም። ውትድርና በመጣ ቁጥር ኪነት ቡድን እንደሚያብጥ ያውቃል። ነፊዎቹን በቀበሌው አዳራሽ አሰለፈና «አንድ በአንድ ንፉ» አላቸው። ነፉ። ከእያንዳንዱ አንዲት ድምፅ ወጣች፣ የተሰበሰበው ሰውም ሳቀ። «ጓድ መምህር፣ ሙዚቃ የምትለው ይኼን ነው?» ሲለኝ አላስቻለኝም። ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ ማስተማር ጀመርኩ፤ «ጓድ፣ እያንዳንዳቸው ያላቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው ያነክሳል፤ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳ ይሰማዋል።»

«እንግዲያው እንስማው» አለና ጣቱን በሚስቴ ወንድም ላይ ቀሰረ። ከሁሉም ዕድሜው ለውትድርና የደረሰ እሱ ብቻ ነበር። «አንተ ውጣ። የቀራችሁት ንፉ።»

ደስ አለኝ እኮ። ዜማው ልጁ ተራ ላይ ሲደርስ ገደል ይገባል፣ ይኼ ሰውዬም አፉን ይይዛል ብዬ እጄን አጣምሬ ጠበቅሁ። ነፉ። ተራው ደረሰ። ድምፁ ጥርት ብሎ፣ በሰዓቱ መጣ። ዞር ብዬ ሳይ ሽማግሌው ከራሳቸው ቀርከሃ ሥር ሌላ ቀጭን ቀርከሃ ይዘዋል፤ ከንፈራቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሻገሩ ሁለቱንም ይነፋሉ። ለካ እስከዛሬ ልጁ በሳተ ቁጥር ዜማውን ሲሞሉልኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እንዲያቆሙ በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው ፈገግ አሉልኝ።

ደንባቸው ነው። ሳል ይዞት ወይም ሐዘን አንቆት ተራውን የሳተ ሰው ሲኖር፣ ጎኑ ያለው ይሞላለታል፤ ሞላሁልህ ብሎም አይናገርም። ሰውን በሰው ፊት ማጋለጥ ነውር ነው። የካድሬውን የጥድፊያ አማርኛ አልሰሙትም፤ ልጁን ሊያዋርዱት ያስወጡት መስሏቸው፣ ጉድለቱ እንዳይታወቅበት ከወትሮው አሳምረው ነፉለት። ሲጨርሱም ወደ እኔ ጠጋ ብለው «መምህር፣ አልጎደለም አይደል?» አሉኝ።

«አልጎደለም፣ አባቴ» አልኳቸው።

ካድሬው ሳይቆጣ «አንተ ሳትኖር ይበልጥ ያምራል» አለውና ለቀበሌው ጥበቃ አስረከበው። ካድሬው እግር ላይ ወደቅሁ። እኔን ውሰዱኝ አልኩ፤ ያረጀ አንፈልግም አለኝ። ከወለሉ ያነሳኝ ልጁ ራሱ ነው። «ጋሼ ይነሱ፣ በቃ፣ ሰው እያየ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናው ልጆቹን ይዞ ወደ ወይጦ ቆላ ወረደ። ሚስቴ እስከ ከተማው ዳር ተከተለችው፣ እኔ ከኋላዋ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም፤ የት እንደሞተ የነገረንም የለም።

ከመንገዱ ስንመለስ ደጃፋችን ላይ ተቀመጥን። የአዳራሹን ነገር ሌሊቱን ነግሬያት ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ሰው፣ የስንቱን ልጅ አስተምረህ፣ ለወንድሜ አንዲት ድምፅ ማስተማር እንዴት አቃተህ?»

በቁጣ ብትለኝ እችለው ነበር። እሷ ግን ልትወቅሰኝ አልነበረም። የምር ማወቅ ፈልጋ ነው፤ ዓይን ዓይኔን እያየች መልሴን ትጠብቅ ነበር።