በነጥብ የሚጀምረው ፎልደር

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ፣ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ጽሑፍም አትማለሁ። ሰው ከጥገናዬ ይልቅ ወሬዬን ሽቶ ይመጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ማጋነን የሚሆነው ሰልፉ አዘዞ ይደርሳል ያልሁ እንደሆነ ነው፤ እሱንም ብያለሁ። ማሽኔ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የጫንሁት፣ ደንበኛ ሁሉ በፍላሽ ይዞት በሚመጣ ቫይረስ ተማርሬ ነው። ከዚያ ወዲህ «የኔን ማሽን ጉንፋን እንኳ አይደፍራትም» እያልሁ እኮራ ነበር።

መሪጌታው የመጡት በጠዋት ነው። መካነ ብርሃን አቋቋም ያስተምራሉ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው አንዲት ጥቁር ፍላሽ ሰጡኝ። ውስጧ የሟች መምህራቸው ዜማ አለ፤ ሽማግሌው በመጨረሻ ዘመናቸው ሲያዜሙ በስልክ የተቀዳ። ስልኩ ተሰብሯል፤ ድምፁ ከዚያች ፍላሽ በቀር የትም የለም። ችግሩ አንድ ዘመዳቸው የሠርግ ቪዲዮ ጭኖባት ጢም ብላለች። ሠርጉን አጥፋልኝ፣ ዜማውን ተው፣ ተማሪዎቹን የምቀዳበት ቦታ ይገኝ አሉኝ። የምይዘው አውቶቡስ ሊነሣ ነው፣ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ይዘጋል አሉ።

እኔ ደግሞ የዛሪማን በቅሎ ወሬ ይዣለሁ። ይቺ በቅሎ በገበያ ቀን ብቻዋን ሄዳ ጨው መርጣ ትመለሳለች። መሪጌታው ሲስቁ እጄ ይሠራል፤ ዓይኔ ግን እሳቸው ላይ ነው። ዜማውም ሠርጉም ስማቸው ቁጥር ብቻ ነበር። ሁሉንም መረጥሁና አጠፋሁ። ፍላሿን ነቅዬ ሰጠኋቸው፤ እየሳቁ ሄዱ። በዚያው መሐል፣ እንደ ልማዴ፣ የጠፋ ፋይል የሚጠራቀምበትን የማሽኔን ቅርጫት ባዶ አድርጌያለሁ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፤ መሪጌታው ናቸው። አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር አምባ ጊዮርጊስ ቆሟል። መንገደኛው ይስማ ብለው ፍላሿን ለሹፌሩ ሰጥተውት ነበር፤ ዝም አለች። እኔም ሳላስብ የሹፌሩ ቴፕ አርጅቶ ይሆናል አልሁ። እንግዲያ እዚህ መናኸሪያው ጎን መዝሙር የሚጭን ሱቅ አለና እዚያ ላሳያት ብለው ዘጉት።

ቅርጫቴን ከፈትሁ። ባዶ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ባይሆን ኖሮ እስከ ፋሲል ግቢ ተንከባልዬ እወርድ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሊኑክስ ላይ ቅርጫቱ አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። የኔ ሃርድ ዲስክ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የራሴ ፋይሎች ካሉበት ክፍል ያጠፋሁት በራሴ ቅርጫት፣ ከሌላው ክፍል ያጠፋሁት እዚያው ክፍል ውስጥ በተደበቀ የራሱ ቅርጫት ይቀመጣል። ፍላሽም እንዲሁ። መንደር ውስጥ ማንም አመዱን ተሸክሞ ጎረቤት ጓሮ አይደፋም፤ ከራሱ ቤት ኋላ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው የቅርጫት ምስል ግን የሁሉንም ጓሮ በአንድ መስኮት ያሳይሃል። ፍላሹ ሲነቀል ጓሮውን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ዜማው መሪጌታው እጅ ላይ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው። ቅርጫቱን ባዶ ያደረግሁት ፍላሿን ከመንቀሌ በፊት ከሆነ ግን የፍላሿም አብሮ ተጠርጓል። በፊት ነው በኋላ? እጄን አየሁት፤ እጄ አያስታውስም።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ባለ ሱቁ ነው፤ አንድ ጊዜ ስልኩን ጠግኜለት ያውቀኛል።

«ፍላሿ ውስጥ ምንም የለም፤ ግን ሙሉ ነኝ ትላለች» አለ። «በነጥብ የሚጀምር አንድ ፎልደር ብቻ ነው የሚታየኝ። ቫይረስ ነው፤ ላጠፋው ነው።»

ሙሉ ናት፤ አልተጠረገችም ማለት ነው! ደስታዬ አንድ ትንፋሽ አልቆየም። የእሱ ማሽን ዊንዶውስ ነው፤ በዚያ ከፍላሽ የጠፋ ነገር የትም ቅርጫት አይገባም፤ ሄደ ሄደ ነው።

«እንዳትነካው። እሱ የኔ ማሽን የሠራው ቅርጫት ነው። የየኔታ መምህር ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው።»

ሳቀ። «ስልኬን ስትጠግን ባትሪው ሦስት ወር አይሞትም ያልኸኝ አንተ አይደለህ?»

ከፍተህ ስማው ብዬ ለመንሁት። እንዲህ ያለ ፎልደር ከፍቶ የሁለት ዓመት መዝሙሩ እንደተበላበት፣ ሁለተኛ እንደማይሞኝ ነገረኝ። ከጀርባው የአውቶቡሱ ጥሩምባ ይሰማል። መሪጌታውን አገናኘኝ አልሁት።

«ምነው ልጄ፣ ነገሩ ምንድን ነው?»

«የኔታ፣ ቴፑ አላረጀም። ወሬ ይዤ ሁሉንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ድምፁ ግን ከፍላሿ አልወጣም። ያ ፎልደር ከተነካ ነው የሚጠፋው።»

ጥሩምባው ደገመ።

«ይሄስ ቀልድህ አይደለም?»

«አይደለም።»

ለሰውየው ክፈተው ሲሉት ሰማሁ፤ ማሽንህን ቢበላው እሱ ይጠግንልሃል አሉት። መስመሩ ተቋረጠ። ብደውል ብደውል አይገኝም። መሐል አንዲት ሴት ማመልከቻ ልታሳትም መጣች፤ አንድ ቅጂ ጠይቃኝ ዘጠኝ ሰጠኋት።

ስልኩ ሲመለስ እልልታና ከበሮ ነው። ለኔ የተደረገ ደስታ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሠርጉ ነው የተከፈተው። ሠርጉ ተዘጋ። ቀጥሎ የሽማግሌ ሳል፣ ከዚያ መቋሚያ መሬት ሲመታ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚነሣ ዜማ። «እሱ ነው» አሉ መሪጌታው።

ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክለው ጠየቁኝ። «ሠርጉም እንዳለ አለ ማለት ነው?»

«አለ፣ የኔታ።»

«ቦታውስ?»

«ቅንጣት አልተለቀቀም። ቅርጫቱ እዚያው ስለሆነ ማጥፋት ብቻውን ቦታ አያስለቅቅም።»

አውቶቡሱን ተዉት። መንገዱ ነገ ይከፈት አይከፈት ሳያውቁ በሚኒባስ ወደኔ ተመለሱና አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከቅርጫቱ አንድ በአንድ አወጣሁ፤ እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ሰምተው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ብቻ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ዜማው ሁለት ሌላ ቦታ ተቀድቶ ሁለቱንም ቦታ ሰምተው ካረጋገጡ በኋላ፣ ሠርጉን ራሳቸው ተጭነው አጠፉት፤ ቅርጫቱንም ባዶ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የተለቀቀውን ቦታ አሳየኋቸው። «ሸጋ» አሉና ፍላሿን ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።