በጋሽ ላታሞ ደጋን የነደፍኩት ጥጥ

ልጆቹ «እማማ፣ የደርግን ጊዜ ንገሪን» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እነሱ የሚጠብቁት ጥይትና እስር ነው። እኔን የሚያንቀኝ ግን የአንዲት ድመት ነገር ነው፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ ተንፍሼው አላውቅም።

ያኔ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ ላታሞ ግቢ ተከራይቼ ጥጥ እየነደፍኩ እፈትል ነበር። ጋሽ ላታሞ ደጋን ይጫወታሉ፤ መልኩ እንደ ጥጥ መንደፊያዬ ያለ የዘፈን ደጋን ነው። እንጨቱን ከከንፈራቸው ያስጠጉና ጅማቱን በቀጭን ዘንግ ይመቱታል፤ አፋቸውን ከፈት ገጠም ሲያደርጉ ድምፁ ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ቀበሌው ለአብዮት በዓል እንዲጫወቱ መርጧቸዋል።

በዋዜማው የእኔ መንደፊያ ደጋን ተሰበረ። የሙሽራ ጋቢ የያዘ ሸማኔ ደግሞ ፈትሌን ይጠብቃል። ጋሽ ላታሞ ስብሰባ፣ ሚስታቸው እትዬ ዱካሌ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሊገዙ ሄደዋል። የጋሽ ላታሞ ደጋን ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔ አወረድኩት። እኔው ነኝ፣ ሌላ ማን አለ? ጥጤን ነደፍኩበት። የወጣው ባዘቶ፣ ምን ልበላችሁ፣ ደመና ነው። ጅማቱ ግን መሃሉ ላይ ሳሳ። ታዲያ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። በምራቄ አሸት አሸት አድርጌ መልሼ ሰቀልኩት። ምራቅ ጅማት ያድናል ያለኝ ማን ነው?

በማግስቱ በዓሉ ላይ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ሲሰማቸው ጅማቱ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ካድሬው ተነሣ። ያን ጊዜ አሻጥር የምትባል ቃል ሰው ታስበላ ነበር።

«ማነው የነካው?» አለ።

ጋሽ ላታሞ ከንፈራቸውን በእጃቸው ጠረግ አደረጉ። ዓይናቸው ሕዝቡ ላይ ዞረ፤ እኔ ላይ ደርሶ አለፈ።

«ድመቴ ናት ጓድ። ጅማት ትወዳለች።»

ሕዝቡ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም፤ ድመቷ ከቀበሌው ትውጣ ብሎ ወሰነ። በጆንያ ታስራ ከከተማው ውጭ ወደ ቡሹሎ ስትወሰድ እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። እሷ ጮኸች፣ እኔ ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው? ካድሬውን አዎ። ለጋሽ ላታሞ ለብቻቸው ሹክ እንዳልላቸው ያስፈራኝ ግን ምን ነበር? ምክንያት የለኝም፤ እናንተም አትፈልጉልኝ። እሳቸው ዳግመኛ መድረክ ላይ አልተጠሩም። ግቢውንም አይጥ ወረረው፤ ጥጤን ሲበሉት አፌን ይዤ ቻልኩ።

ጋሽ ላታሞ ካረፉ ከስንት ዘመን በኋላ እትዬ ዱካሌ እየሳቁ ነገሩኝ። ያን ቀን መድረኩ ላይ ባላቸው ከንፈራቸውን የጠረጉት ከደጋኑ ባዘቶ ተጣብቆባቸው ነው። በዚያ ግቢ ደግሞ ጥጥ የምነድፈው እኔ ብቻ ነበርኩ።